ወልድያ ያለችው በሽተኛ

መርሳ በኖርኩበት ሰፈር ሰው ሁሉ ስለ አንዲት በሽተኛ ይጠይቅ ነበር። በሽተኛዋ የምትኖረው ወልድያ ነው። አክስቴን በእናቷ በኩል ትዛመዳታለች፤ ልጅ አልወለደችም፤ ወገቧን አሟት አልጋ ከያዘች ቆይታለች። አክስቴ በየጥቂት ወሩ ማለዳ ተነስታ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ልትጠይቃት ትሄዳለች። በዋዜማው የሰፈሩ ሴቶች አንዷ ብርቱካን፣ አንዷ ማንጎ፣ አንዷ እንቁላል በጭድ ሸፍና ብቅ ይላሉ። በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም። ራሱ መሄድ ያልቻለ ሰው እጁን ይልካል።

"እግዜር ይማርሽ ብላለች በያት።"

"አላህ ያሽራት።"

አክስቴ ሁሉንም ዘንቢሏ ውስጥ ደርድራ "አሜን፣ አደርሳለሁ" ትላለች። ስትመለስ ደግሞ በየደጁ ቆም እያለች "አመስግኝልኝ ብላለች፤ ዘንድሮ ትንሽ ቀና ብላለች" ትላለች። በሽተኛዋ አንዳንዴ ቀና ትላለች፣ አንዳንዴ ይብስባታል። አትድንም፣ አትሞትምም።

ይህን የምጽፈው አክስቴን አስፈቅጄ ነው። "ስም ካልጠራሽ ጻፊው" ብላኛለች።

ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ ከግራና ወጣ ብሎ ሽንኩርትና ማሽላ የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው። ለትምህርት ብለው መርሳ፣ የእናቴ ታናሽ እህት ዘንድ አስገቡኝ። እሷን እትዬ፣ ባለቤቷን ጋሼ እያልኩ፣ ለእሷ አንቺ፣ ለእሳቸው አንቱ እያልኩ ነው የኖርኩት። አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻቸው። ጋሼ መካኒክ ናቸው። ከአስፋልቱ ዳር በቆርቆሮ በተሠራ ጋራዥ የጭነት መኪና ይጠግናሉ። ቀልድ ይወዳሉ። እትዬ ወልድያ በሄደች ቀን ምሳቸውን ቋጥሬ ሳደርስላቸው፣ አብሯቸው የሚበላው ጓደኛቸው "ወጡስ?" ይላቸዋል።

"ወጡ በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዷል" ይላሉ። ሁለቱም ይስቃሉ።

የሰፈሩ ሰው ስለ ጋሼ ሲያወራ "ደግ ነው፤ ሚስቱን ይፈቅድላታል" ይል ነበር።

ለበሽተኛዋ ምንም ልከው የማያውቁት ከጎናችን የሚኖሩት ሴት ብቻ ነበሩ። ሰው ሁሉ እመይቴ ነው የሚላቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከግራናና ከመርሳ አትክልትና ፍራፍሬ እየገዙ ወልድያ ወስደው ይሸጣሉ። የት ሄዱ፣ ለምን ዘገዩ የሚላቸው ሰው የለም። ሴቶቹ ከኋላቸው ያሟቸው ነበር። "ማንጎ ሲነግዱ እየዋሉ አንዲት ማንጎ ለበሽተኛ መላክ ያቅታቸው?" ይላሉ። እመይቴ ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ፣ እትዬን ባገኟት ቁጥር "እንዴት ናት?" ብቻ ብለው ያልፋሉ።

አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እትዬ ዘንቢሉን እንድሸከምላት ወልድያ ይዛኝ ሄደች። በሽተኛዋን የማይበት ቀን ነው ብዬ ጸጉሬን ተሠርቼ ነበር። መናኸሪያው ላይ ወርደን፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብለን፣ ግቢው ውስጥ ግራቪሊያ ዛፎች ያሉበት ጤና ተቋም ገባን። ከዛፎቹ ሥር ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱ ሴቶች ተቀምጠውበታል። አንዷ እትዬን ስታይ "ብርቱካኗ መጣች" አለች፤ ሌሎቹ እየሳቁ ቦታ ለቀቁላት። እትዬ ዘንቢሉን ከእጄ ተቀብላ የሰፈሩን ብርቱካን ለአግዳሚው ሁሉ ማደል ጀመረች። ለእኔም ሰጠችኝ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

"ተቀመጪ እንጂ" አለችኝ።

"በሽተኛዋ ጋ መቼ እንሄዳለን?"

"ሌላ የምንሄድበት ቤት የለም።"

ሁሉንም የነገረችኝ ስንመለስ ነው፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን፣ ረዳቱ ደጅ ላይ "መርሳ፣ ውርጌሳ" እያለ ሲጣራ።

"ልጅቷን አርግዤ ክትትል ስጀምር መረመሩኝ" አለች። "ቫይረሱ በደምሽ ውስጥ አለ አሉኝ። ነርሷ መልካም ሰው ናት፤ ባልሽን ይዘሽው ነይ አለችኝ። ቤት ገብቼ፣ ለልጃችን ሲባል ሁለታችንም እንመርመር ይላሉ አልኩት። እሱም 'አንቺ ተመርምረሽ የለ? አንድ ጎጆ ውስጥ ሁለት ዓይነት ደም አለ እንዴ? ያንቺ ደህና ከሆነ የኔም ደህና ነው' አለኝ። ከዚያ፣ ምን አሉሽ አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ደህና ነሽ አሉኝ አልኩት።"

እትዬ ያቺን ቀን ፈርታ የተናገረችው ነገር የጋሼም የምርመራ ውጤት ሆኖ ቀረ። እሳቸው ሳይመረመሩ ደህና ሆኑ። ከዚያ በኋላ እውነቱን ለመናገር፣ የእሷን ብቻ ሳይሆን የእሳቸውንም ጤና ማፍረስ ነበረባት።

"ባልነግረው ይጎዳል፤ አውቃለሁ" አለችኝ። "ብነግረው ደግሞ አመጣሽብኝ ይለኛል። አመጣች የምትባለው ቀድማ የተመረመረችው ናት። የምናረግዘው እኛ ስለሆንን ቀድመን የምንመረመረውም እኛ ነን። ቤቱ የአባቱ ግቢ ነው። ልጄን አዝዬ የት እገባለሁ?"

መድኃኒቱ መርሳም ይገኛል። መርሳ ወረፋ ላይ የሚያገኛት ሰው ሁሉ ግን አንድም ጎረቤት፣ አንድም የቅሬያችን አባል ነው። ቅሬው ሰፈሩን ለሐዘንም ለችግርም የሚያሰባስብ ማኅበር ነው፤ ሐዘን ሲደርስ የሚደርስልን፣ ወሬም ሲኖር ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ስለዚህ ወልድያ መሄድ ነበረባት። ለመሄድ ምክንያት ያስፈልጋታል። አንዲትን ሴት ማንም የማይከለክላት በሽተኛ ልጠይቅ ስትል ነው። በሽተኛዋ የተፈጠረችው እንዲህ ነው። እትዬ ያላሰበችው፣ ሰፈሩ በሽተኛ ሰምቶ ዝም እንደማይል ነው።

ክኒኑን የምታስቀምጠው በአብሽ ጣሳ ውስጥ ነበር። ከብልቃጡ አውጥታ በላስቲክ ትቋጥረዋለች፤ ብልቃጡ ሲነካ ድምፅ አለው። ጋሼ የአብሽ ሽታ አይወዱም፤ ጣሳውን አይከፍቱትም። ማታ ማታ ወጥ ስታወጣ ወደ ጣሳው ጎንበስ ብላ ትውጣለች። ልጅቷ ነፃ ሆና የተወለደችው እትዬ አንድም ቀን ሳትዘል ስለወሰደች መሆኑን ነርሷ ነግራታለች። በዚህ ትኮራ ነበር። የምትነግረው ሰው ግን ከእኔ በቀር አልነበራትም።

ክረምቱ ሳያልቅ ጦርነቱ እኛ ጋ ደረሰ። ወልድያ ተያዘች፤ ቀጥሎ መርሳ። ከአስፋልቱ ላይ መኪና ጠፋ። መብራትና ስልክ ተቋረጠ። የቻለ በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ ሸሸ። እኛ ልጅቷ ትንሽ ስለነበረችና ጋሼም ጋራዡን ጥለው መሄድ ስላልሆነላቸው ቀረን። ኋላ ጋራዡም ተዘጋ። ወንድ መንገድ ላይ ከታየ ስለሚጠረጠር ጋሼ ሙሉ ቀን ቤት መዋል ጀመሩ። እትዬ ከማድቤት ስትዘገይ ይመጣሉ። ወንበር ስበው በሩ ላይ ይቀመጣሉ።

"አብሽ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የወደድሽው?" አሏት አንድ ቀን፣ ጣሳውን አቅፋ ሲያዩዋት። "ጦርነቱ የማያስለምደው ነገር የለም።"

እትዬ ሳቀች።

የቀጠሮዋ ቀን አለፈ። ላስቲኩ እየሳሳ ሄደ። እትዬ ሽሮ ሲያልቅ የምታደርገውን አደረገች፤ ማብቃቃት ጀመረች። አንድ ቀን ትወስዳለች፣ አንድ ቀን ትዘላለች።

"ነርሷ አትዝለዪ ብላሽ የለ?" አልኳት።

"እሷ ያለችኝ መንገድ በነበረበት ጊዜ ነው።"

"ሽሮ አይደለም እኮ እትዬ።"

"አውቃለሁ ልጄ። ሌላ ዘዴ ካለሽ ንገሪኝ።"

የሚታየኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር። ክኒኑ ሳያልቅ ወልድያ ካልደረሰች፣ ያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ሳትዘል ያቆየችው ጤናዋ ይፈርሳል። ወልድያ መሄድ ደግሞ ለጋሼ የሚባል ነገር አልነበረም። ሴት በዚህ ጊዜ መንገድ አትወጣም ይሉ ነበር። ፍርሃታቸው እውነት ስለነበር ልንከራከራቸው አልቻልንም።

መንገድ ይወጡ የነበሩት እንደ እመይቴ ያሉ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴቶች ነበሩ። በአህያ ሽንኩርት ጭነው፣ አስፋልቱን ትተው በእርሻ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ እመይቴ በራችን ላይ ቆመው "ቤቶች" አሉ። እትዬ ዱቄት ትነፋለች፤ ጋሼ ከጋራዥ ያመጡትን የመኪና ዕቃ ግቢው ውስጥ ዘርግተው ይወለውላሉ።

"ነገ ወልድያ ልሄድ ነው" አሉ እመይቴ። "ያቺ በሽተኛሽ በዚህ ሁሉ እንዴት ሆና ይሆን? ብጠይቅልሽስ ብዬ ነው።"

ወንፊቱ እትዬ እጅ ላይ ቆመ።

"ኧረ እመይቴ፣ ምን አደከመዎት? በዚህ ጊዜ በሽተኛ ጥየቃ…"

"በሽታ ጦርነት አለ ብሎ ያርፋል እንዴ?"

ጋሼ ቀና አሉ። "እሳቸው እሄዳለሁ ካሉ አንቺ ምን አስከለከለሽ?" አሏት። "ሴትዮዋ ሰው የላትም ስትይን አልነበር? በሕይወት መኖሯንም አናውቅ።" ተነስተው ወደ ቤት ገቡና፣ ለልጅቷ ብለን የደበቅናትን ስኳር በላስቲክ ቋጥረው ይዘው ወጡ። "ይቺን ለበሽተኛዋ ይስጡልን። ቤቷ ወዴት ነው? ንገሪያቸው እንጂ።"

እትዬ መሬት መሬት ታያለች። እኔ ልጅቷን እንዳቀፍኩ ደርቄ ቀረሁ። ጋሼ መልስ ይጠብቃሉ።

እመይቴ ስኳሩን ተቀብለው በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት። "ቤቱን አውቀዋለሁ" አሉ። "ግራቪሊያው ሥር፣ ረጅም አግዳሚ ያለበት አይደል?"

እትዬ ልትሸኛቸው ወጣች፤ እኔም ልጅቷን እንዳቀፍኩ ተከተልኳት። ከግቢው በር ውጭ እጃቸውን ያዘች።

"አንድ ቀን ብርቱካን ስታድዪ አይቼሽ ከበሩ ተመለስኩ" አሏት እመይቴ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ካየሽኝ ትደነግጫለሽ ብዬ የቀጠሮ ቀኔን አስቀየርኩ። ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ ሴቶቹ ማንጎ አትልክም እያሉ ሲያሙኝ። ለራሴ ማንጎ ልላክ እንዴ?"

እትዬ እያለቀሰች ሳቀች። እመይቴ ባላቸው የሞቱት በዚሁ በሽታ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማነው።

እመይቴ ከወልድያ ሲመለሱ ቀጥታ ማድቤት ገቡ። ጋሼ ጓሮ ነበሩ። "መድኃኒት ክፍሉ ባዶ ነው" አሉን። "ነርሷ ግን ቀድማ በጆንያ አድርጋ ቤቷ አሽሽታዋለች። የምታውቀው ሰው ቤቷ እየሄደ ይወስዳል። ያንቺን ስጪኝ ብላት፣ 'ሴትዮዋን ሳላይ፣ ያለችበትን ሁኔታ ሳልጠይቃት አልሰጥም። ያለውም ብዙ አይቆይም፤ ራሷ ቶሎ ትምጣ' አለች።"

ይህንኑ ለጋሼ በሌላ መልክ ነገሯቸው። "በሽተኛዋ ደክማለች። እሷን ሳላያት አልሞትም፣ ራሷ ትምጣ ብላለች።"

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

"አዝናለሁ። ግን ለአንዲት በሽተኛ ብዬ የልጄን እናት መንገድ ላይ አልጥልም። አትሄድም። ካረፈችም እግዜር ነፍሷን ይማር፤ አገር ሲረጋጋ ሐዘን እንቀመጥላታለን።"

"ሐዘኑን አሁኑኑ ተቀመጥ እንግዲህ" አለች እትዬ። "በሽተኛዋ እኔ ነኝ።"

ጋሼ መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው፤ ፈገግ ብለው እኛን አዩን። እትዬ ማድቤት ገብታ የአብሽ ጣሳውን አመጣችና ሰፌድ ላይ ገለበጠችው። ላስቲኩን ፈታችው። ከአብሹ መሀል የቀሩት ክኒኖች ነጭ ሆነው ይታያሉ።

"ይሄ ሲያልቅ እኔም ማለቅ እጀምራለሁ። ወልድያ የምሄደው ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ኖሮ አያውቅም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ልጅቷ ሆዴ ውስጥ ሳለች ጀምሮ።"

"ያኔ ደህና ነሽ አሉኝ ብለሽኝ የለ? እኔም እኮ ደህና ነኝ ብዬ…"

"ያንተን ደም ማንም አላየውም።"

ጋሼ ሰፌዱን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ እትዬ ስትፈራው የኖረችውን ቃል አሏት፤ "አመጣሽብኝ" አሉ። ድምፃቸው ግን የተቆጣ ሰው አይመስልም ነበር፤ የደነገጠ ሰው ድምፅ ነበር። የመለሱት እመይቴ ናቸው።

"በሱ ጉዳይ አገር ሲረጋጋ ትጣላላችሁ። እኔ ከነገ ወዲያ ተመልሼ መሄዴ ነው። ትመጣለች ወይስ አትመጣም? አህያዋን ቁርጡን ልንገራት።"

ጋሼ ወጥተው የመኪና ዕቃቸው አጠገብ ተቀመጡ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አንዱን ብሎን ብቻ ሲወለውሉ ቆዩ። በማግስቱም ከማናችንም ጋር አልተነጋገሩም። እትዬ የልጅቷን ልብስ አጥባ አንድ ላይ ቋጠረችው፤ ተባርራ ብትወጣ ብላ መሆኑ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ጓሮ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ጋሼ የእመይቴን አህያ ይጭናሉ። ጆንያው ወደ አንድ ጎን እንዳያጋድል ገመዱን እየፈቱ እንደገና ያስራሉ። እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ዓይኗን አላዩም።

"በአንድ ቀን አትግፉት" አሉ ለገመዱ የሚናገሩ ይመስል። "ስሪንቃ ላይ እደሩ።"

እሷ በሌለችበት ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ እጋግራለሁ፤ ጋሼ ልጅቷን ያጫውታሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ድንገት "አንቺም ታውቂ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ።"

ለልጅቷ አንድ ጉርሻ አጎረሷት። "ብርቱካኑንስ ማን ይበላው ነበር?"

ስለ አግዳሚው ነገርኳቸው። ሴቶቹ እትዬን ብርቱካኗ እንደሚሏት፣ ስትመጣ ቦታ እንደሚለቁላት ነገርኳቸው። ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ሳቅ ሊመጣ ብሎ ተመለሰ።

"ወንድ የለም እዚያ?"

"አለ፤ ጥቂት። ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ።"

እትዬና እመይቴ ሲመለሱ አህያዋ ባዶዋን ነበረች። እትዬ እግሯ አብጧል፤ ፊቷ ጠቁሯል። መድኃኒቱን ግን ከሆዷ ላይ፣ ከመቀነቷ ሥር ፈትታ አወጣችው። ነርሷ ስለዘለለቻቸው ቀኖች እንደተቆጣቻት፣ ከዚያም እንዳቀፈቻት ነገረችኝ። ወደ ጋሼ ዞራም "እሱም ይምጣ ብላለች" አለች። ጋሼ ውኃ አሙቀው እግሯን እንድትነክር ሰጧት።

ከዚያ ቀን በኋላ ክኒኑ ወደ አብሽ ጣሳው አልተመለሰም። ብልቃጡ ውስጥ እንዳለ ጓዳ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ መደርደሪያውን ስትነካው ድምፁ ይሰማል። መጀመሪያ አካባቢ ሁላችንም ክው እንል ነበር፤ ኋላ ለመድነው።

መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ጋሼ አንድ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍረው ደሴ ሄዱ። የት ትሄዳለህ ያላቸው ሰው አልነበረም። ማንንም አላስፈቀዱም። ሰፈሩ መለዋወጫ ሊገዙ ነው ብሎ ገመተ፤ ያልገመተውም አልጠየቀ። እሳቸው ዘመድ ማሳመም አላስፈለጋቸውም። ማታ ተመልሰው ጫማቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡና ለእትዬ "እኔም አለብኝ" አሏት። ቀጥለው፣ "ያኔ ብመረመር ኖሮ…" ብለው ተዉት። እትዬ ያንን ዓረፍተ ነገር አልጨረሰችላቸውም። ብልቃጣቸውን ተቀብላ ከእሷው አጠገብ መደርደሪያው ላይ አደረገችው።

እትዬ ዛሬም ወልድያ ትሄዳለች፤ ለሰፈሩ ዛሬም በሽተኛ ልትጠይቅ ነው። በሽተኛዋ ከጦርነቱ መትረፏን ሲሰሙ ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ለመጀመሪያው ጉዞ ከዱሮው የበለጠ ብርቱካን መጣ፤ ዘንቢሉ ከበዳት። ጋሼ ከእጇ ተቀብለው እስከ ሚኒባሱ ሊሸከሙላት ወጡ። እኔ ልጅቷን ይዤ ከኋላ ነበርኩ። መንገድ ላይ አንዷ ጎረቤታችን አስቆመቻቸው።

"በሽተኛዋ እንዴት ናት?" አለች እትዬን እያየች።

እትዬ አፏን ስትከፍት ጋሼ ቀደሟት።

"ደህና ናት" አሉ፤ ዘንቢሉን ወደ ሌላው እጃቸው አዛውረው። "መድኃኒቷን አላቋረጠችም።"